ፒፕ ጠይቃችሁ ኮምፓይለር ለምን ይመጣል? ስለ ፓኬጅ ሪኮሜንዴሽን እና ስለኛ ምርጫ

አዲስ የተጫነ ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ገብታችሁ አፕትን (ፓኬጅ ማለትም ለመጫን የተዘጋጀ ሶፍትዌር የሚያመጣውን ፓኬጅ ማናጀር) ፓይዘን3-ፒፕ ጫንልኝ ስትሉት ምን እንደሚመልስ አይታችሁ ይሆናል። የፈለጋችሁት የፓይዘን ላይብረሪ ማውረጃ አንድ ነገር ብቻ ነው፣ እሱ ግን ረጅም ዝርዝር ይዘረግፍላችኋል፦ ጂሲሲ አለ፣ ጂ ፕላስ ፕላስ አለ፣ ሜክ አለ፣ የፓይዘን ሄደር ፋይሎች አሉ፣ ቢውልድ-ኢሰንሻል የሚባለው የኮምፓይለር (የተፃፈ ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ጓዝ ከነቤተሰቡ አለ፣ ከስር ደግሞ ይሄን ያህል ሜጋ ባይት ይወርዳል ይሄን ያህል የዲስክ ቦታ ይያዛል ልቀጥል ወይ ብሎ "ዋይ"ን በትልቁ "ኤን"ን በትንሹ ፅፎ ይጠብቃል። ብዙ ሰው ሳያነብ ኢንተር ይመታል። ከስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ የሚሰራ ሰው ግን እዚ ጋ ቆም ይላል፣ ለሱ ያ ዝርዝር ብር ነው።

ጥያቄው ታድያ ፒፕ ያለ ኮምፓይለር አይሰራም ወይ ነው። ይሰራል። አሁን ላይ አብዛኛው የፓይዘን ላይብረሪ ተዘጋጅቶ ያለቀለት ሆኖ ነው የሚወርደው፣ አውርዶ ማስቀመጥ ብቻ ነው። ግን አንዳንዱ ላይብረሪ በሲ የተፃፈ ክፍል ይኖረውና ለናንተ ማሽን የተዘጋጀ ከሌለ እዛው መኮምፓይል አለበት፣ ያኔ ጂሲሲ (ኮምፓይለሩ) ከሌለ አንድ ገፅ የሚሞላ ቀይ ኤረር ይመጣል። ፓኬጁን ያዘጋጀው ሰው (ሜንቴነሩ) ይሄን አስቦ "ፒፕ የሚጭን ሰው አንድ ቀን ኮምፓይለር መፈለጉ አይቀርም" ብሎ ገመተና አብሮ እንዲመጣ መከረ። ግዴታ አላረገውም፣ መከረ። ልዩነቱ ስክሪኑ ላይ አይታይም እንጂ ፓኬጁ ውስጥ በግልፅ ተፅፏል።

ዴቢያን (ኡቡንቱ የተሰራበት ሊኑክስ) እና ኡቡንቱ ላይ አንድ ፓኬጅ ከሌላው ጋር ያለውን ዝምድና የሚገልፅባቸው ደረጃዎች አሉት፣ ለኛ ጉዳይ ሶስቱ ይበቃሉ። ዲፔንድስ፣ ሪኮሜንድስ፣ ሰጀስትስ። ቡና በሉት። ውሃ ከሌለ ቡና የሚባል ነገር የለም፣ እሱ ዲፔንድስ ነው። ስኳር አብዛኛው ሰው ይፈልገዋል ስለዚ ሳይጠየቅ ይቀርባል፣ በጨው የሚጠጣም አለ ግን፣ እሱ ሪኮሜንድስ ነው። ፈንዲሻ ቢኖር ደስ ይላል፣ ባይኖር ማንም አይቀየምም፣ ሰጀስትስ። የዴቢያን ፖሊሲ ስለ ሪኮሜንድስ የሚለው በኛ አባባል ሲነገር፣ ለየት ካለ አጫጫን በስተቀር ከዚህ ፓኬጅ ጋር አብሮ የሚገኝ ነገር ሲሆን እዚህ ይፃፍ ነው። ጠንካራ ነው፣ ፍፁም ግን አይደለም።

ድሮ አፕት ሪኮሜንድስን ዝም ብሎ ያልፈው ነበር። ኡቡንቱ በ8.10 (2008 ኦክቶበር)፣ ዴቢያን ደግሞ በ5.0 ማለትም ሌኒ በተባለው (2009 ፌብሯሪ) ነው ሪኮሜንድስ ካልተከለከለ በስተቀር አብሮ ይጫን ማለት የጀመሩት። ከዛ በፊት ሜንቴነሮች እዛ መስመር ላይ የፈለጉትን ነገር ይፅፉ ነበር ምክንያቱም ምንም አያመጣም፣ በኋላ ግን ያ መስመር በድንገት የሰው ዲስክ ላይ እቃ የሚያስቀምጥ ትእዛዝ ሆነ፣ እና ብዙ ፓኬጅ ላይ ይሄ ወደ ሰጀስትስ ይውረድ የሚል ጥያቄ ተነሳ።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ የሚመዘዝ ነው። ሪኮሜንዴሽን ማለት ስለማያውቃችሁ ሰው የተደረገ ግምት ነው። መገመት ችግር የለውም፣ እንደውም ለጀማሪ ጥሩ ነው፣ ሁሉን ነገር ጠይቆ ከሚያደናግር መገመቱ ይሻላል። ግን ተጠቃሚው በሆነ መንገድ ፍላጎቱን ከተናገረ በኋላ፣ ነገር ጭኖ ይሁን አጥፍቶ ይሁን አልፈልግም ብሎ ይሁን ቋንቋውን መርጦ፣ ግምቱ ለዛ ቦታ መልቀቅ አለበት። ፓኬጅ ማናጀር ጎበዝ ነው ሰነፍ ነው የምለው በዚህ ነው፣ በፍጥነት ምናምን አይደለም።

እስቲ አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። ኤምዲኤድም የሚባል መሳሪያ አለ፣ ብዙ ሃርድ ዲስክ አጣምሮ ሬይድ የሚሰራ። አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ለአስተዳዳሪው ኢሜይል ይልካል፣ ኢሜይል ለመላክ የሚልክ ፕሮግራም ያስፈልገዋል፣ ስለዚ ለብዙ ዓመት "ዲፎልት-ኤምቲኤ ወይም ማንኛውም ሜይል-ትራንስፖርት-ኤጀንት" የሚል ሪኮሜንድስ ይዞ ነው የኖረው። ኡቡንቱ ላይ ዲፎልቱ ፖስትፊክስ ነው፣ ዴቢያን ላይ ኤክሲም ነው። እና ሰውየው ዲስክ ሊያጣምር መጥቶ በመሀል ስክሪኑ ተቀይሮ ሜይል ሰርቨርህ ኢንተርኔት ሳይት ነው፣ ሎካል ብቻ ነው፣ ሳተላይት ሲስተም ነው ወይስ ምን ይለዋል። ግራ ይገባዋል። ኧረ እኔ ሜይል መች ጠየቅኩ።

ግን እዚሁ ምሳሌ ውስጥ ጥሩ ነገርም አለ፣ እሱን ብዙ ሰው አያየውም። "ወይም" የምትለዋን ልብ በሏት። አስቀድማችሁ ነልሜይለር ወይም ኤምኤስኤምቲፒ-ኤምቲኤ የሚባሉትን ትንንሽ መላኪያዎች ከጫናችሁ አፕት ይሄ ሰው ሜይል መላኪያ አለው፣ ምርጫውን አድርጓል ብሎ ፖስትፊክስን አያመጣም። ጥያቄም የለም ስክሪንም አይቀየርም። አንድ ፓኬጅ የአንድን ምርት ስም ጠቅሶ "ፖስትፊክስ ይምጣ" ቢል ኖሮ ግን ያለውን ሰው ሁሉ ሌላ ያስደርበው ነበር። ስለዚ ሜንቴነር ሲመክር ስራውን መጥቀስ አለበት፣ ስራውን የሚሰራውን እቃ ደግሞ ለሌለው ሰው ብቻ ነው መምረጥ ያለበት።

በተቃራኒው ደግሞ አልፈልግም ማለት እንዴት እንደሚያስቸግር ተመልከቱ። አፕት ላይ የማትፈልጉትን ፓኬጅ ስም ፅፋችሁ መጨረሻው ላይ ሰረዝ ብታደርጉ (ባዶ ቦታ ሳይኖር፣ ፖስትፊክስ ከዛ ወዲያው ሰረዝ) ያንን አታምጣ ማለት ነው። ቆንጆ ነው፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ግን ፖስትፊክስን ስትከለክሉት ምክሩ "ማንኛውም ሜይል-ትራንስፖርት-ኤጀንት" ስለሚል አፕት ታዛዥ ሆኖ ሌላ ሜይል ሰርቨር ፈልጎ ሊያመጣላችሁ ይችላል። እናንተ ያላችሁት "ሜይል አልፈልግም" ነው፣ እሱ የሰማው "ፖስትፊክስ አልፈልግም" ነው። እንቢታችሁን ሙሉውን የምትናገሩበት ቦታ የለም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ዴቢያን ውስጥ አንድ ትልቅ ክርክር ነበር፣ 2012 ላይ። ጂኖም-ኮር የሚባለው የዴስክቶፕ ሜታ ፓኬጅ (ሜታ ፓኬጅ ማለት ራሱ ምንም የለውም፣ ሌሎችን ሰብስቦ የሚያመጣ ነው) ኔትወርክ-ማናጀርን (ዋይፋይና ሌላ ኔትወርክ የሚያስተዳድረውን ፕሮግራም) በዲፔንድስ ይዞ መጣ። ቀድሞ በነበረው የዴቢያን ስሪት ሪኮሜንድስ ነበር። ልዩነቱ የወረቀት ሊመስል ይችላል ግን አይደለም፤ ኔትወርካቸውን በዊክድ (ሌላ የኔትወርክ ማስተዳደሪያ) ወይም በእጅ በተፃፈ ኮንፊግ የሚያስኬዱ ሰዎች ኔትወርክ-ማናጀርን ቀደም ብለው አንፈልግም ብለው አጥፍተውት ነበር፣ ዲፔንድስ ከሆነ ግን አፕግሬድ ሲያደርጉ ተመልሶ ይጫንባቸዋል፣ ያውም ኔትወርክ ነክ ነገር በአፕግሬድ መሀል ሲጫን ኢንተርኔቱ ሊቋረጥ ይችላል። እንቢ ካሉ ደግሞ ሜታ ፓኬጁን ራሱን ማጥፋት ሊኖርባቸው ነው። የጂኖም ሜንቴነሮች በበኩላቸው የሚሉት ነበራቸው፣ ዴስክቶፑ ከኔትወርክ-ማናጀር ጋር ተዋህዶ የተሰራ ነው፣ የማይፈልግ ሰው ተጭኖም ቢሆን እንዳይሰራ ማጥፋት ይችላል የሚል። ነገሩ ወደ ዴቢያን ቴክኒካል ኮሚቴ ሄደና ኮሚቴው ከሜንቴነሮቹ ፍላጎት ውጪ ወደ ሪኮሜንድስ ይውረድ ብሎ ወሰነ። እዛም ላይ አላበቃም፣ ክርክሩ ጂኖም ወደሚባለው ወደ ትልቁ ሜታ ፓኬጅ ዞሮ ቀጠለ።

እኔ ኮሚቴው ልክ ነበር ባይ ነኝ። "ተጭኖ ይቀመጥ፣ ካልፈለግክ አጥፋው" የሚለው ክርክር ለሜንቴነሩ ነው የሚቀለው፣ ተጠቃሚውማ አንዴ አጥፍቶታል እኮ፣ ስንቴ ያጥፋ? ዲፔንድስ መፃፍ ያለበት ያለሱ ፕሮግራሙ የማይነሳ ወይም ዋና ስራውን የማይሰራ ሲሆን ነው። "ከሱ ጋር ያምራል" ዲፔንድስ አይደለም።

ማስታወስ ላይ ልምጣ፣ ይሄ ለኔ ዋናው ነው። አንድ የተመከረ ነገር አጥፍታችኋል እንበል። በሚቀጥለው አፕግሬድ ይመለሳል ወይ? አፕት እዚህ ላይ ከሚታማው ይሻላል፣ የተጫነ ፓኬጅ አፕግሬድ ሲሆን ድሮም ይመከር የነበረና እናንተ ጋ የሌለ ነገር ካለ ሆን ብለው ነው የተዉት ብሎ ያልፈዋል፣ አዲስ የተጨመረ ምክር ከሆነ ግን ይጭነዋል። ጥሩ። ችግሩ ሌላ ፓኬጅ ስትጭኑና እሱም ያንኑ የጠላችሁትን ነገር ሲመክር ነው፣ ያኔ አፕት የትናንቱን አያውቅም፣ ደስ ብሎት ያመጣዋል። ፌዶራ በሚባለው ሌላ ሊኑክስ ላይ ያለው ፓኬጅ ማናጀር ዲኤንኤፍ ደግሞ ማሽኑ ላይ ያሉትን ፓኬጆች አይቶ፣ ከተመከሩት ውስጥ ያልተጫነውን ለይቶ፣ ይሄን ሰውየው አይፈልገውም ማለት ነው ብሎ ከዛ በኋላ ማንም ቢመክረው በምክር ብቻ እንዳይገባ የሚያደርግ ሴቲንግ አለው። የሆነ ፓኬጅ ዲፔንድስ ካለው ወይም እናንተ በስሙ ከጠራችሁት ይገባል። በቃ እንዲህ ነው መሆን ያለበት፣ ሰው አንዴ ከተናገረ ይሰማ።

አፕት ላይ ተመሳሳዩን ለማድረግ በእጅ ነው። ኢቲሲ ስር፣ አፕት ስር፣ ፕሪፈረንስስ ዶት ዲ የሚባል ፎልደር አለ፣ እዛ ውስጥ ሶስት መስመር ያለው ፋይል ትፅፋላችሁ፦ አንደኛው መስመር የፓኬጁ ስም፣ ሁለተኛው ከየትኛውም ሪሊዝ ቢመጣ የሚል ኮከብ ያለበት መስመር፣ ሶስተኛው ፒን-ፕራዮሪቲ ሲቀነስ 1። ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰራ ለማወቅ፣ ተራ ሪፖዚተሪ (የፓኬጅ ማከማቻ) 500 ነው፣ የተመረጠ ሪሊዝ ካለ 990 ያገኛል፣ 1000 ወይም ከዛ በላይ ከሆነ ወደ ቆየ ቨርዥን መመለስ ሳይቀር ይፈቀዳል፣ ከዜሮ በታች ማለት ደግሞ ከቶ እንዳይጫን ነው። ይሰራል፣ ግን እስቲ አንድ ጀማሪ ይሄን ከየት ያውቀዋል?

ጀማሪው የሚያገኘው ምክር ሌላ ነው። ሪኮሜንድስን ጠቅላላ ዝጋው ይሉታል። አፕት ሲጠራ ሁለት ሰረዝ ከፊት አድርጎ ኖ-ኢንስቶል-ሪኮሜንድስ ማለት ለአንድ ጊዜ ነው፣ ኮንፊጉ ላይ ኢንስቶል-ሪኮሜንድስን ፎልስ ማድረግ ደግሞ ለሁልጊዜ ነው። ዶከር ኢሜጅ (ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የታሸገበት) የሚሰሩ ሰዎች ይሄን እንደ ፀሎት ነው የሚደግሙት፣ ምክንያታቸውም ይገባል፣ ኢሜጁ ማነስ አለበት። ግን ውጤቱን እንየው። በዴቢያን ስሊም (ትንሹ የዴቢያን ኢሜጅ) ላይ ከርልን (በትእዛዝ ከኢንተርኔት የሚያወርደውን ፕሮግራም) ያለ ሪኮሜንድስ ጫኑና አንድ ኤችቲቲፒኤስ አድራሻ ጥሩ፣ ሰርተፊኬቱን ማረጋገጥ አልቻልኩም ብሎ እንቢ ይላል። ከርል ምንም አልሆነም። የጎደለው ሲኤ-ሰርተፊኬትስ የሚባለው ፓኬጅ ነው፣ የሚታመኑ ሰርተፊኬት ሰጪዎችን ዝርዝር የያዘው፣ እሱ ደግሞ ለከርል ላይብረሪ ሪኮሜንድስ ነው። ለምን ዲፔንድስ አልሆነም ብትሉ የራሱን ሰርተፊኬት ብቻ የሚጠቀም ድርጅት አለ፣ ጭራሽ ኤችቲቲፒኤስ የማይነካም አለ፣ ስለዚ ግዴታ አይደለም።

ከዛ በኋላ የሚሆነው ነው የሚያሳዝነው፣ ሰው ኤረሩን ኮፒ አድርጎ ይፈልግና "ሰረዝ ኬ ጨምርበት ይሰራል" የሚል መልስ ያገኛል። ሰረዝ ኬ ማለት ሰርተፊኬቱን አታረጋግጥ ማለት ነው። ይሰራል፣ አዎ፣ ግን መሀል ላይ ማንም ቢቀመጥና የውሸት ፋይል ቢሰጠው ዝም ብሎ ይቀበላል። ጥቂት ሜጋ ባይት ለመቆጠብ ተብሎ የተዘጋ ሪኮሜንድስ የሴኪዩሪቲ ቀዳዳ ሆኖ ቁጭ አለ። በነገራችን ላይ ሪኮሜንድስን ዘግታችሁ አፕት አውቶሪሙቭ ብትሉ ድሮ በምክር የገቡትም አይወጡም፣ አንድ የተጫነ ፓኬጅ እስከመከራቸው ድረስ፣ ሰጀስትስ ያደረጋቸውም ቢሆን፣ አፕት እንደሚፈለጉ ነው የሚቆጥራቸው። ይሄም ሌላ ሴቲንግ ነው።

ስለዚ ሁሉን መዝጋት ምርጫን መናገር አይደለም፣ ሁሉንም ግምት ጥሩውንም መጥፎውንም አንድ ላይ መጣል ነው። ሁሉን መቀበልም እንደዛው።

አሁን ወደኛ ጉዳይ እንምጣ፣ ምክንያቱም "አብዛኛው ተጠቃሚ" የሚባለው ሰው ማነው የሚለው እዚህ ላይ ነው የሚፈነዳው። ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ያለ ሪኮሜንድስ ጭናችሁ የአማርኛ ገፅ ብትከፍቱ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ሊመጣባችሁ ይችላል። ብዙ ቦታ ዲፎልት ሆኖ የሚመጣው ዴጃቩ ፎንት የግእዝ ፊደል የለውም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንትስ-ኖቶ-ኮር በሚባለው ፓኬጅ ውስጥ አለ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል ደግሞ ለብቻው ፎንትስ-ኤስአይኤል-አቢሲኒካ በሚል ይገኛል፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው፣ ግን የትኛውም ብራውዘር የግእዝ ፎንትን ዲፔንድስ አያደርግም፣ ሊያደርግም አይገባም፣ የቤንጋሊውም የታይላንዱም ሰው እንደዛ ቢል ሁሉም ሰው የዓለምን ፊደል በሙሉ ሊሸከም ነው። ሜንቴነሩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። በአእምሮው ያለው "የተለመደ ተጠቃሚ" አማርኛ ስለማያነብ ነው። ለናንተ ፎንቱ ከብራውዘሩ እኩል ግዴታ ነው፣ ለሱ ሰጀስትስም አይደለም። ማን ምን እንደሚያስፈልገው የሚለየው የናንተ ምርጫ ብቻ ነው።

ደግነቱ ለዚህ መልስ ያገኙ አሉ። ኡቡንቱ ላይ ቼክ-ላንጉዌጅ-ሰፖርት የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ቋንቋችሁን አይቶ፣ ያላችሁን ፕሮግራም አይቶ፣ ይሄ ይሄ ፓኬጅ ይጎድላችኋል ብሎ ዝርዝር ያወጣል። ፌዶራ ደግሞ ከ24 ጀምሮ (2016 ማለት ነው) ላንግፓክስን (የቋንቋ ፓኬጆችን) በፓኬጆቹ ዝምድና ላይ ሰራው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፣ ሀሳቡ ያምራል። እስካሁን ያወራነው ምክር ሁሉ ከዋናው ፓኬጅ ወደ ተጨማሪው የሚሄድ ነው፣ "እኔን ከጫንክ እሱንም ጨምር"። አርፒኤም (ፌዶራ የሚጠቀመው የፓኬጅ ዓይነት) ላይ ግን ተገላቢጦሹም አለ፣ ሰፕልመንትስ ይባላል፣ ተጨማሪው ፓኬጅ ራሱ "እገሌ ካለ እኔን ጥሩኝ" ይላል። ያውም በቅድመ ሁኔታ፦ ሊብሬኦፊስ ካለ እና የዚህ ቋንቋ ላንግፓክ ካለ፣ ሁለቱም ሲኖሩ፣ ያኔ የሊብሬኦፊስን የዚህ ቋንቋ ትርጉም አምጣ። እናንተ አንዴ የቋንቋችሁን ላንግፓክ ትጭናላችሁ፣ ያ ፓኬጅ ራሱ ብዙም የያዘው ነገር የለም፣ "የዚህ ማሽን ሰው ይሄን ቋንቋ ይጠቀማል" የሚል ምልክት ነው። ከዛ በኋላ የምትጭኑት ፕሮግራም ሁሉ በቋንቋችሁ የተዘጋጀና እንዲህ የተመዘገበ ነገር ካለው ሳትጠይቁ ይከተለዋል፣ ጎረቤታችሁ ያንን ምልክት ካልጫነ እሱ ጋ ምንም አይመጣም። የሊብሬኦፊስ ሜንቴነር ስለናንተ ማሰብ አልነበረበትም፣ እናንተም በየፕሮግራሙ መለመን አልነበረባችሁም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ስክሪኑ ነው። አፕት "የሚከተሉት ተጨማሪ ፓኬጆች ይጫናሉ" ብሎ ሲዘረዝር ግዴታውንና ምክሩን አንድ ላይ ቀላቅሎ ነው፣ የቱ ቢቀር ችግር እንደሌለው ከዛ ዝርዝር ማወቅ አይቻልም። ዲኤንኤፍ ለይቶ ነው የሚያሳየው፣ ዲፔንደንሲዎች በአንድ ርእስ፣ ደካማ ዲፔንደንሲ የሚላቸው (ምክሮቹ ማለት ነው) በሌላ ርእስ፣ ከእያንዳንዱ ጎን መጠኑ አለ። አርች በሚባለው ሊኑክስ ላይ ያለው ፓኬጅ ማናጀር ፓክማን ደግሞ ምክር ጨርሶ አይጭንም፣ ጭኖ ሲጨርስ ኦፕሽናል የሆኑትን ይዘረዝርና ከእያንዳንዱ አጠገብ ለምን እንደሚጠቅም በአጭሩ ይፅፋል፣ ይሄኛው ፒዲኤፍ ለመክፈት፣ ያኛው ብሉቱዝ ለመጠቀም እያለ። ይቺ "ለምን" የምትል ነገር ወርቅ ናት። ዴቢያን ላይ ለሪኮሜንድስ ምክንያት የሚፃፍበት ቦታ እንኳን የለም፣ ለምን መጣ ብላችሁ ብትጠይቁ (አፕቲቱድ ዋይ የሚል ትእዛዝ አለ) ማን እንዳመጣው እንጂ ለምን እንዳመጣው አይነግራችሁም።

ለኔ ጥሩው የሁለቱ ድብልቅ ነው። የፓክማን መንገድ ብቻውን ለጀማሪ ይከብዳል፣ ያንን ዝርዝር የሚያነበው ስንቱ ነው፣ ከወር በኋላ ቪዲዮው ለምን ቅድመ እይታ አያሳይም ብሎ ይመጣል። ስለዚ ምክሩ ይጫን፣ ግን ተለይቶ ይታይ፣ ከነመጠኑና ከአንድ መስመር ምክንያቱ፣ እና ከዛው ስክሪን ላይ ይሄኛው ይቅርብኝ ማለት ይቻል፣ የተባለውም ይመዝገብ። አዎ ወይም አይ ብቻ ብሎ መጠየቅ ማስፈቀድ አይደለም፣ "ሁሉንም ውሰድ ወይም ሂድ" ነው።

ሌላው የምርጫ ጥያቄ የሚመጣው ጠያቂው አንድ ነገር ብሎ ሌላ ሲሰጠው ነው። ኡቡንቱ 19.10 ላይ ክሮሚየም-ብራውዘር የሚለው የዴብ (አፕት የሚጭነው ዓይነት) ፓኬጅ ውስጡ ባዶ ሆነና ስትጭኑት ስናፕ የሚባለውን የኡቡንቱን ሌላ የአጫጫን ሲስተም አምጥቶ ክሮሚየምን ከስናፕ ስቶር የሚጭን ሆነ። ሰውየው የጠራው አፕትን ነው፣ የደረሰው ሌላ ሲስተም ነው፣ አፕዴቱም ከዛ ወዲያ በሌላ መንገድ ነው የሚመጣው። ሊኑክስ ሚንት በ2020 ሚንት 20ን ሲያወጣ ስናፕዲ (ስናፕን የሚያስኬደው ፕሮግራም) በዚህ መንገድ ሾልኮ እንዳይገባ ኖስናፕ የሚል የፒን ፋይል አስገባ፣ ፕራዮሪቲው ሲቀነስ 10። አንዳንዱ ሰው ሚንትም ያው የተጠቃሚን ምርጫ ነው የከለከለው ብሎ ተቆጣ። ልክ ነው፣ እሱም ቢሆን ዲፎልት ነው፣ ሌላ ሰው የመረጠልን። ግን ልዩነት አለው፣ ያቺ ፋይል በግልፅ ቦታ የተቀመጠች ናት፣ ስናፕ የፈለገ ሰው ያቺን አጥፍቶ ስናፕዲን ይጭናል፣ አለቀ። የኡቡንቱን ለመመለስ ግን ሌላ ሪፖዚተሪ ፈልጎ፣ ቁልፉን አስገብቶ፣ ፕራዮሪቲውን ከፍ አድርጎ ፅፎ፣ ቀላል አይደለም። ዲፎልት ሁሌም ይኖራል፣ መመለሻው ስንት እርምጃ ነው የሚለውን ቁጠሩ።

ሜንቴነሩ ሰው ምን እንደሚመርጥ በምን ያውቃል ብትሉ፣ ዴቢያን ፖፑላሪቲ-ኮንቴስት የሚባል ነገር አለው፣ ፈቃደኛ ከሆናችሁ ማሽናችሁ ላይ የትኞቹ ፓኬጆች እንዳሉና እንደሚሰሩ በየሳምንቱ ይልካል። ሲጫን ይጠይቃል፣ ዲፎልቱ አይ ነው፣ እና እንደዛ መሆኑ ትክክል ነው። የትኛው ፓኬጅ በመጀመሪያው የመጫኛ ዲስክ ላይ ይግባ የሚለውን ለመወሰንም ይረዳል። ግን ማንን እንደማይቆጥር አስቡት፣ ኢንተርኔት የሌለው የኮምፒውተር ላብ፣ በፍላሽ እየተቀዳ የሚጫን ማሽን፣ ዳታ የሚቆጥብ ሰው፣ እነዚህ ሁሉ እዛ ቁጥር ውስጥ የሉም፣ ዝርዝሩ ሲረዝም መጀመሪያ የሚጎዱት ግን እነሱው ናቸው።

ስለዚ የማይገባ ምክር ስታዩ ዝም ብላችሁ ዘግታችሁ አትለፉት። ዴቢያን ላይ ሪፖርትባግ የሚባል ትእዛዝ አለ፣ ደረጃውን ዊሽሊስት ወይም ማይነር አድርጋችሁ ይሄ ሪኮሜንድስ ወደ ሰጀስትስ ቢወርድ ብላችሁ መፃፍ ትችላላችሁ፣ እንግሊዝኛችሁ አጭር ቢሆንም ችግር የለውም። ሜንቴነርን የሚያሳምነው ዝርዝሩ በዛብኝ የሚል ብሶት አይደለም። ያንን ፓኬጅ ሳትጭኑ ፕሮግራሙን ተጠቀሙበት፣ የትኛው ሜኑ ምን ኤረር እንዳመጣ፣ የትኛው ስራ ደግሞ ምንም ሳይጎድልበት እንደሄደ ፃፉለት፣ ሲወርድ ስንት ሜጋ ባይት እንደሚጨምርም አፕት ራሱ ካወጣው መስመር ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉለት።